ኮድፔን ወይስ በራስ የተሠራ? ሕያው የኮድ ምሳሌ ለምትፈልጉ

ደሴ ውስጥ ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ብዙ ስላልሆንን ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። «አንባቢው ራሱ እየነካካ የሚሞክረው የጃቫስክሪፕት ምሳሌ መመሪያዬ ውስጥ ላስገባ ነው፤ ኮድፔን የሚባለው፣ ኮድ ጽፈው የሚያሳዩበት ድረ ገጽ ይሻላል ወይስ ራሴ ልሥራው?» ራሳችሁ ሥሩት። ምክንያቴ ከገንዘብ ይጀምራል።

ኮድፔን ሲጀመር ነጻ ነው፤ ገልብጦ መለጠፍ ስለሆነ አቦሉ ሳይወርድ ያልቃል። በነጻው ግን ሥራችሁ ለዓለም ክፍት ነው። ምሳሌው ገጻችሁ ላይ እንዳለ እንዲስተካከል ከፈለጋችሁ ክፍያ አለ፣ ያውም በዶላር። በወር 10 ዶላር ብንል፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዋጋ 570 ብር ገደማ ነበር፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ1,000 ብር አለፈ። እሱም በዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ ነው። ስምንት ምሳሌ ከደረደራችሁ ደግሞ የስምንቱን ዳታ የሚከፍለው ኮምቦልቻ ተቀምጦ በስልኩ የሚያነበው ተማሪ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቀረው ባዶ ሳጥን ብቻ።

ራሳችሁ ስትሠሩ የምትጠቀሙበት ኮድሚረር፣ ማለትም ገጽ ላይ የኮድ መጻፊያ ሳጥን የሚያስገባው ዝግጁ ኮድ፣ ግን ነጻ ነው፤ ኤምአይቲ የተባለው ፈቃዱ ለንግድም ይሆናል። ይህን ሳላውቅ 3,500 ብር ከስሬአለሁ። «ሕያው አርታዒ ያለው» ተብሎ በፍላሽ የተሸጠልኝ ቴምፕሌት (ዝግጁ የገጽ ንድፍ) ሲከፈት፣ የፈቃድ ጽሑፉ የተፋቀ አሮጌ ኮድሚረር ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ከራሱ የጨመረው ክፍል ደግሞ የአንባቢውን ኮድ እዚያው ገጹ ውስጥ በኢቫል፣ ጽሑፍን እንደ ኮድ በሚያስኬደው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ፣ ያስኬዳል፤ ያውም ፊደል በተነካ ቁጥር። አንድ ተማሪ ዋይል ብሎ (ኮድን ደጋግሞ የሚያስኬድ ዙር) ጀምሮ ማቆሚያውን ሳይጽፍ ገጹ ድርቅ አለ፤ የጻፈው ሁሉ ጠፋ። ለመጠገን ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

አሁን ኮዱን ሳንድቦክስ (የደኅንነት ገደብ) ባለው አይፍሬም፣ ማለትም ገጹ ውስጥ በሚከፈት ሌላ ገጽ፣ አጥሬ፣ «አስኪድ» የሚል አዝራር ሲጫን ብቻ አስኬደዋለሁ። ለአይፍሬሙ ኮድ እንዲሮጥ የሚፈቅደውን «አላው ስክሪፕትስ»ን ብቻ ስጡት። የገጻችሁ አካል ሆኖ እንዲቆጠር የሚፈቅደውን «አላው ሴም ኦሪጅን»ን ከደረባችሁ፣ ከገጻችሁ ጋር አንድ መነሻ ያለው ኮድ አጥሩን ራሱ ያፈርሰዋል። ኮድፔን ማለቂያ የሌለውን ዙር ራሱ ለማቆም ይሞክራል፤ ይህን አልክድበትም። የኮድሚረርን ፋይል ከውጭ አትጥሩት፤ ራሳችሁ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት። ፕሪዝምን «ኮድ ያስኬዳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ የኮዱን ቃላት ቀለም መቀባት እንጂ ኮድ የማስኬድ ሥራ የለውም።

የምታሳዩት አንድ ምሳሌ ብቻ ከሆነ ኮድፔኑን በተራ ሊንክ አስቀምጡት፤ የፈለገ ይጫነዋል፣ ያልፈለገ ዳታው አይነካም።