የመጀመሪያ ቀፎ ልትገዙ ነው? ፍሬሙን ሳትለኩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ፍሬሙን፣ ማለትም ንቦች የማር እንጀራ የሚሠሩበትን የእንጨት ክፈፍ፣ ከቀፎው ለማውጣት መሮዬን ከጫፉ ስር ሰካሁና ቀስ ብዬ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለ። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳነሳው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የላይኛው ጣውላ ብቻውን እጄ ላይ ቀረ። ሁለቱ የጎን እንጨቶች ግን ከቀፎው ግድግዳ ጋር እንደተጣበቁ ናቸው። ከጎን ወደ ጎን የተወጠረው ሽቦ እንጀራውን እንደ ቢላ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። ማሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ነጫጭ እጮች ወለሉ ላይ ተበትነዋል፣ ንቦቹ በማር ተለውሰው ይንፏቀቃሉ። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ጥፋቱ የንቦቹ አልነበረም። የጀመረው ዕቃውን የገዛሁ ቀን ነው። ሻጩ ቀፎውን "ከነሙሉ ፍሬሙ፣ በቅናሽ" ብሎ አቀረበልኝ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ፍሬሞቹ ለቀፎው ትንሽ ጠበቅ ይላሉ። ደውዬ ነገርኩት። "ችግር የለም እህቴ፣ ንብ ይለምደዋል" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ንብ አይለምደውም። ጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ንቦች በእንጀራና በግድግዳ መካከል ለራሳቸው መተላለፊያ የሚተዉት ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ በንብ ሙጫ ይደፍኑታል፤ ፕሮፖሊስ የሚባለው ማለት ነው። ከዚያ ከሰፋ ደግሞ ትርፍ እንጀራ ይሠሩበታል። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1851 ይህን ክፍተት ለቀፎ ሥራ ስለተጠቀመበት ነው ዛሬ ፍሬም እያወጣን የምናየው። በስሙ የሚጠራው ቀፎ የቆመው በዚህች ሚሊሜትር ላይ ነው። እሷ ከጠፋች የገዛችሁት ውድ ሣጥን ብቻ ነው።

የእኔን ፍሬሞች በኋላ ለካኋቸው። የላንግስትሮዝ ፍሬም ከአንዱ የጎን እንጨት ውጫዊ ገጽ እስከ ሌላኛው 44.8 ሴንቲሜትር ያህል መሆን አለበት። የእኔ 45.7 ነበር። ልዩነቱ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ግን በእያንዳንዱ ጎን የቀረው ክፍተት ወደ 4 ሚሊሜትር ወረደ። ንቦቹ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ደፈኑት።

የተሰበረው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። በየጫፉ ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ምስማር ብቻ ተመቷል። ሙጫ የሚባል ነገር የለውም። ማር የሞላ ትልቅ ፍሬም 3 ኪሎ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ያን ሁሉ ክብደት የምታነሱት የላይኛውን ጣውላ ሁለት ጆሮዎች ይዛችሁ ነው። ከላይ ብቻ የተመታ ምስማር ወደ ላይ ሲሳብ እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ ከጎን እንጨቱ በኩል ወደ ላይኛው ጣውላ አግድም የገባ ምስማር ፈልጉ። እሱ ከሌለ ፍሬሙን መልሳችሁ አስቀምጡት።

ልትገዙ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። አትፈሩ፣ እዚያው ሻጩ ፊት ለኩ። ርዝመቱን ነግሬያችኋለሁ። የትልቁ ፍሬም ቁመት 23.2 ሴንቲሜትር ነው። የጎን እንጨቱ የላይኛው ሰፊ ክፍል ደግሞ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ፍሬሞቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ርቀታቸውን የሚጠብቀው እሱ ነው። አስር ፍሬም በ35 ሲባዛ 35 ሴንቲሜትር ይሆናል። የአስር ፍሬም ቀፎ ውስጣዊ ስፋት 37 ሴንቲሜትር ግድም ስለሆነ የመጀመሪያውን ለማውጣት ትንሽ ቦታ ይተርፋል። ጎኑ 38 ሚሊሜትር ከሆነ አስሩ አይገባም። "ዘጠኝ አድርጊበት" የሚላችሁ ካለ ዕቃው ልክ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ነው።

ከዚያ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ከተወዛወዘ ጠማማ ነው። በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጠምዝዙት፤ ጥሩ ፍሬም ሲጢጥ አይልም። እርጥብ እንጨት ከሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ልኩም ይጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከምትገዙት ቀፎ ውስጥ አስገብታችሁ ማየት ነው። የሌላ ዓይነት ቀፎ ፍሬም በላንግስትሮዝ ስም ይሸጣል። የዛንደር ፍሬም ለምሳሌ 42 በ22 ሴንቲሜትር ነው። በዓይን ሲታይ ይመሳሰላሉ፣ ቀፎ ውስጥ ግን አይግባቡም።

ንቦቹ እንጀራ እንዲሠሩበት ፍሬሙ ላይ ስለሚገጠመው ስስ የሰም ሉህ፣ ስለ ታተመው ሰም፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ሰም፣ ፓራፊን፣ ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለው ሰም ቀፎው ሲሞቅና ማር ሲጫንበት ሊለጠጥና ሊዘምም ይችላል። ከስብ የሚሠራው ስቴሪን የተቀላቀለበት ደግሞ እጩን ይገድላል። ንጹሑ ማር ማር ይሸታል፣ እጅ ላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ቆይቶ ነጭ ብናኝ የሚመስል ነገር ካወጣ ሻጋታ መስሏችሁ አትጣሉት፤ የንብ ሰም ጠባይ ነው። ቅባት ቅባት የሚል፣ ሽታ የሌለው ሰም ካያችሁ ግን ተጠራጠሩ። በእጅና በአፍንጫ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ ከራሳቸው ንቦች ሰም ከሚያትሙ አናቢዎች መግዛት ይሻላል።

ያገለገለ ፍሬም፣ በተለይ ጥቁር እንጀራ ያለበትን፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የአሜሪካ ፋውልብሩድ የሚባለው የእጭ በሽታ ዘር አሮጌ እንጀራ ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ማጠብም ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይገድለውም።

እኔ ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሻጩ "ንብ ከገባበት በኋላ አልመልስም" አለኝ። እናንተ ንብ ከማስገባታችሁ በፊት ለኩ፤ ያን ጊዜ የመመለስ ዕድል አላችሁ።

ልክ ያልሆኑት ፍሬሞች ላይ ንብ ገብቶ ከሆነ ደግሞ እንደ እኔ በጉልበት አትሳቡ። ረጅም ቀጭን ቢላ በጎን እንጨቱና በግድግዳው መካከል አስገብታችሁ ሙጫውን ከላይ እስከ ታች ቁረጡ። ይህን ማር ሳይሞላ፣ እንጀራው ቀላል እያለ አድርጉት። ንግስቷ ላዩ ላይ እንደሌለች አረጋግጡ። ከዚያ መጥፎውን ፍሬም ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ከንግስት ማገጃው (ሠራተኞችን አሳልፎ ንግስቷን ከሚያግደው ወንፊት) በላይ ውሰዱት። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ለመውጣት 21 ቀን፣ ድንጉላ (ወንዱ ንብ) 24 ቀን ይፈጅባቸዋል። ከ24 ቀን በኋላ እጭ የሌለበት ፍሬም ታወጣላችሁ፣ ልኩ የሆነውን ከታች ታስገባላችሁ። አንድ አንዱን እያላችሁ ቀይሩ። እኔ አስሩንም እንዲህ ቀይሬ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም እንጀራ አልተሰበረብኝም።