ለለውዝ የገዛሁት የጠብታ መስኖ ዕቃ፦ ጎማው ጥሩ፣ ወረቀቱ ግን የቲማቲም

ጃዊ ቆላው ላይ፣ በለስ ወንዝ ዳር፣ ከወንድሜ ጋር በኮንትራት የያዝነው ሁለት ቃዳ (አንዱ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) መሬት አለ። በበጋው ለውዝ ልንዘራበት ስላሰብን ባሕር ዳር ካለ አንድ የመስኖ ዕቃ መሸጫ ሙሉውን የጠብታ መስኖ ዕቃ ገዛን። ዋናው ቱቦ፣ ባለ 16 ሚሊሜትር ጎማዎች፣ ማጣሪያ፣ ማዳበሪያ የሚስበው ቬንቹሪ፣ ማያያዣዎች፣ ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገ «የማዳበሪያ አሰጣጥ ፕሮግራም» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት። ጥሩ ነው ወይ እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

ጎማው አያሳማም። ውሃ ማንጠብጠቢያዎቹ በየ30 ሳንቲሜትሩ ስለሆኑ እርጥበቱ እርስ በርሱ ይገናኝና መስመሩ ዳር እስከ ዳር ይርሳል። የጃዊን ፀሐይም ችሎ ወቅቱን ጨርሷል። ውሃው ቅጠል ስለማይነካ የቅጠል ነጠብጣብ በሽታው ከሌላ ጊዜ ቀለል ብሎልናል። ማጣሪያው ትንሽ ነው፤ የበለስን ደለል አይችልም፣ ወንፊቱን በየውሃው ማጠብ ግድ ነው። አይጥ ጎማ ትበሳለች፣ ይህን እንኳ በሻጩ ላይ አላላክክም።

ትልቁ ቅሬታዬ ወረቀቱ ላይ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ)፣ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) ጨምሩ ይላል። የምን ሰብል እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ሻጩን «ወንድሜ፣ ይሄ ለምኑ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለሁሉም ይሆናል እህቴ፣ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው» አለኝ። ለቲማቲምና ለቃሪያ ሊሆን ይችላል። ለለውዝ ግን ሁለቱም ምክር ጉዳት ነው።

ለውዝ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ናይትሮጅኑን ከአየር የሚይዝ ሰብል ነው። መነሻ የሚሆነው ትንሽ ይበቃዋል። እኛ ስንዘራ ለአንድ ቃዳ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ከዘሩ ጎን አፈር ውስጥ ቀበርን፤ ከዚያ ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ፎስፈረሱም ቢሆን አፈር ውስጥ ከተቀመጠበት ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ገና ከጅምሩ ሥሩ አጠገብ መገኘት አለበት። ኤንፒኤስን በርሜል ውስጥ በጥብጦ በጎማ መላክ የሚያስብ ካለ ይቅርበት፤ የማይሟሟው አተላ ማንጠብጠቢያውን ይደፍናል።

አራተኛው ሳምንት ላይ አንዱን ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አንስቼ ሥሩን ባልዲ ውስጥ ቀስ ብዬ አጠብኩት። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች ተለጥፈዋል። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ አረንጓዴ ከሆነም አቁሟል። ቀይ እያየሁ በየሳምንቱ ዩሪያ ብሰጠው እባጩን አስንፌ ቅጠል ማብዛት ነው ትርፌ። ስለዚህ የወረቀቱን የዩሪያ ዓምድ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። እባጭ ያልያዘና ቅጠሉ የገረጣ ማሳ ላይ ከሆነ ግን ዩሪያው በትንሽ በትንሹ ከውሃው ጋር መሄዱ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዕቃው ይመቻል።

ፖታሹ ደግሞ ይብሳል። ለውዝ ከተዘራ ወር ገደማ ሲሆነው ያብባል፤ ከአበባው ሥር መርፌ የመሰለ ነገር ወጥቶ ወደ አፈር ይወርድና ፍሬው እዚያ ይያዛል። ያ ፍሬ ካልሲየሙን የሚያገኘው ከዋናው ሥር አይደለም፤ ሥሩ የሳበው ካልሲየም ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ተመልሶ አይወርድም። ፍሬው በራሱ ቅርፊት አጠገቡ ካለው አፈር ይስባል። እዚያች ከላይ ያለች ጥቂት ሳንቲሜትር አፈር ላይ ፖታሽ ሲበዛ ካልሲየሙን ይሻማዋል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ሙሉ መስሎ ሲፈለፈል ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ፖታሽ ካስፈለገ ከመዝራት በፊት ነው፤ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ መሰጠት ያለበት ካልሲየም ነው። ወረቀቱ ላይ ካልሲየም የሚል ቃል እንኳ የለም።

እኛ አበባ ሲጀምር በቃዳ አንድ ኩንታል የተፈጨ ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ድንጋይ ነው) በመስመሩ ላይ በእጅ በተንነው። ለግድግዳ የሚለሰነው ጀሶ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የተጠበሰ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፣ ያልተጠበሰውን ነው የምላችሁ። ሻጩ በስልክ «በጥብጪና በቬንቹሪው ላኪው» ብሎኝ ነበር። አንድ እፍኝ ጆግ ውስጥ አድርጌ ባማስለውም ባማስለውም ታች ተቀመጠ። በጎማ መላክ የግድ ከሆነ የሚሟሟው ካልሲየም ናይትሬት ነው፤ እሱም ፎስፌት ወይም ሰልፌት ካለው ማዳበሪያ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ከገባ ዝቃጭ ይሆናል። ጂፕሰሙን ከበተናችሁ በኋላ ያ የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ፤ ደረቅ አፈር ውስጥ ያለ ካልሲየም ለፍሬው አይደርስም። ጎማው ከተክሉ ርቆ ከተዘረጋም ያው ነው።

ቬንቹሪውን በተመለከተ፣ ሞተር ላላችሁ ግዙት፤ በሞተር ግፊት በደንብ ይስባል። ሮቶ ቆጥ ላይ ሰቅላችሁ በከፍታ ብቻ የምታጠጡ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሁለት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው፣ አይስብም። የሚሟሟውን ማዳበሪያ ቀጥታ ሮቶው ውስጥ መጨመር ይሻላል። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ መሐል ላይ ማዳበሪያው፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ጎማውን የሚያጥብ ንጹህ ውሃ ነው። ከመጀመሪያው ከለቀቃችሁት ከኋላ የሚመጣው ውሃ ከሥር በታች ይዞት ይወርዳል።

አገልግሎታቸውን አልነቅፍም። ስልክ ያነሳሉ፣ የተሰበረ ማያያዣ ያለ ክርክር ቀይረውልኛል፣ ሚኒባስ ላይ ጭነው የላኩልኝ ዕቃም ሳይጎድል ደርሶኛል። ለለውዝ የምትገዙ ወረቀቱን እዚያው ትታችሁ በምትኩ አንድ ትርፍ ወንፊትና አንድ እፍኝ ማያያዣ ጨምሩልን በሏቸው፤ ጃዊ ከተማ ላይ በዚያ ልክ የሚሆን ማያያዣ ፈልጌ አጥቻለሁ።