የአጥር ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ነቅላችሁ እዩ

ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ በሄድን ቁጥር የተከረከመ አረንጓዴ እናያለን። እኔም አማረኝ። ስድስት ኪሎ ያለችው ግቢያችን ትንሽ ናት፤ ቢሆንም መሃሏ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኙን እስከ ጉልበት የሚደርስ የተስተካከለ አጥር ቢኖራት ብዬ ተመኘሁ።

በሰው በሰው አንድ ግቢ አስዋቢ አገኘሁ። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ አፍ ያስከፍታል። ቦክስዉድ ነው አለኝ። ቅጠሉ አይረግፍም፣ በመቀስ የፈለጋችሁትን ቅርጽ ይይዛል። ይሄ እውነት ነው። ያልነገረኝ ቦክስዉድ በዓመት አንድ ስንዝር ማደግ እንኳ የሚከብደው ተክል መሆኑን ነው። «ጋሼ፣ አያስቡ፤ በ3 ወር ግድግዳ ነው የሚሆንልዎት» ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ።

28 ሜትር፣ በሜትር 5 ችግኝ። 140 ችግኝ በ350 ብር፣ 49,000 ብር። ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ያለቀ ዕለት ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ቫት ይጨመርብዎታል» አለኝ። ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው።

ኅዳር ላይ እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ተክለው ጨረሱ። ማታ ስገባ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል፤ ያምራል። ጠዋት ጎረቤታችን አዛውንቱ አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ጥድ ነው። ጣውላ ልታወጣበት ነው?» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የፎቶው ቅጠል ክብ ክብ ነበር፤ የኔው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ስደውልለት «የቦክስዉድ ዘመድ ነው ጋሼ» አለኝ። ዘመድ!

የፈረንጅ ጥድ አጥር አይሆንም እያልኩ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫፍ ጫፉን ከከረከሙት ደህና ረጅም አጥር ይወጣዋል። ግን ከ20 ሜትር በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው። ጉልበት ላይ ላቁመው ማለት ዕድሜ ልክ መታገል ነው። ደግሞ ቅጠል እስከሌለው ቡናማ እንጨት ድረስ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ መልሶ አያቆጠቁጥም። የኔዎቹ እኩል እንዲመስሉ ተብሎ ወገባቸው ላይ ተቀልተዋል።

ጥር ላይ መድረቅ ጀመሩ። ውሃ አነሳቸው ብዬ፣ ፈረቃችን በደረሰ ቁጥር ሌሊት እየተነሳሁ አጠጣሁ። አልሆነም። አንዷን ይዤ ሳብ ሳደርግ ከነጥቁር ፕላስቲኳ ወጣች። ፕላስቲኩን ሳያወልቁ ነው የቀበሯት! ሥሯ መውጫ አጥቶ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ራሱን አንቋል። ውጪው ጭቃ፣ ውስጡ እንደ ጡብ የደረቀ አፈር። አጠገቧ ያለችውን ሳብኳት። እሷ ጭራሽ ሥር የላትም። በቢላ ሰያፍ ተቆርጣ አፈር ውስጥ የተሰካች ቅርንጫፍ ናት።

ስለዚህ ችግኝ ሲመጣላችሁ ከመሃል እናንተ የመረጣችሁትን አንዷን ከፕላስቲኳ አውጥታችሁ ሥሯን እዩ። ጤነኛ ሥር አፈሩን አቅፎ ይይዛል፤ ጫፍ ጫፉ ነጣ ይላል። የተክሉን ስም ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዤ ልክሰስ? ቀሪውን ክፍያ ችግኙ መጽደቁን ሳታዩ አትልቀቁ። በዚህ የማይስማማ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በጋ ላይ እንትከል የሚላችሁንም እለፉት፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ከተከላችሁ ዝናቡ ያግዛችኋል። ስትከረክሙም ታቹ ከላዩ ሰፋ ይበል፤ አለዚያ ብርሃን ስለማያገኝ እግሩ ይራቆታል።

የሰውየው ስልክ ተዘግቷል። ከ140ው 11 ተርፈዋል፤ እነሱንም አጥሩ ጥግ ወስጄ ዛፍ ይሁኑ ብዬ ተውኳቸው። ጉድጓዶቹን አልደፈንኳቸውም፤ ሰኔን እየጠበቅኩ ነው።