ኔትኤፍፒጂኤ ሱም ለፓኬት ምደባ፦ ፍጥነቱ ይተርፋል፣ ሜሞሪው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል

ኔትኤፍፒጂኤ ሱም የኔትወርክ ካርድ ነው፤ የተሠራውም በቪርቴክስ-7 690ቲ ኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ ሰርኪዩቱን ተጠቃሚው ራሱ በሚያዋቅረው ቺፕ) ላይ ነው። አራት ባለ 10 ጊጋቢት ወደቦች፣ ባለ 36 ኪሎቢት 1,470 ብሎክ ራሞች (በቺፑ ውስጥ ያሉ የሜሞሪ ብሎኮች)፣ ከቺፑ ውጭ ደግሞ ኪውዲአር ሜሞሪና 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 አሉት። ቲካም (ፓኬትን ከደንቦች ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ የሚያነጻጽር ሜሞሪ) ግን የለውም። ስለዚህ የኦፕንፍሎው ስዊች (ከውጭ በሚሰጡት ደንቦች ፓኬት የሚያስተላልፍ) የሚሠራበት ሰው ምደባውን፣ ማለትም ፓኬቱ ከየትኛው ደንብ ጋር እንደሚገጥም መለየቱን፣ ራሱ በራም መገንባት አለበት፤ የካርዱ ጥሩነትም ሆነ ጣጣው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ደንቦች የሚያነጻጽሯቸው የኦፕንፍሎው 1.0 12 የፓኬት መስኮች ሲደመሩ 253 ቢት ያህል ናቸው። የተለመደው ዘዴ ይህን ቆራርጦ ለየቁራጩ የቢት ቬክተር (ለእያንዳንዱ ደንብ አንድ ቢት፣ ከገጠመ 1) ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ የሚወጡትንም ቬክተሮች ኤንድ ማድረግ (በሁሉም 1 የሆነውን ብቻ ማስቀረት) ነው። ብዙዎች ሠንጠረዡን በቀጥታ ብሎክ ራም ውስጥ ይከቱታል፤ ብክነቱም ከዚያ ይጀምራል። ብሎክ ራም ቢበዛ የሚሰፋው 512 መስመር በ72 ቢት ሆኖ ነው፤ ባለ 4 ቢት ቁራጭ ደግሞ 16 መስመር ብቻ ይበቃዋል፣ 496ቱ ባዶ ይቀራል። ለ1,024 ደንቦች 64 ቁራጭ በ15 ሲባዛ 960 ብሎክ ራም ይሄዳል፤ ያውም ለ1 ሜጋቢት መረጃ!

ቁራጩን 5 ቢት አድርጎ በሉት ራም (ከኤፍፒጂኤው ትንንሽ የሎጂክ ሠንጠረዦች፣ ከሉቶች፣ በሚሠራ ሜሞሪ) መሥራት በጣም ይሻላል። አራት ሉቶች 32 በ6 ራም ይሆናሉ፤ አንድ ቁራጭ 684 ሉት፣ 51ዱ ቁራጭ 34,884 ሉት ይፈጃል። ራም መሆን ከሚችሉት 174,200 ሉቶች 20 በመቶው ነው፤ ብሎክ ራሙም ለፓኬት ወረፋና ለቆጣሪ ይተርፋል።

ስለ ፍጥነት አይታሰብ። አራቱ ወደቦች በ64 ባይት ፓኬት ቢጨናነቁ በሰከንድ 59.5 ሚሊዮን ነው፤ በየክሎኩ አንድ ፓኬት የሚቀበል የ200 ሜጋኸርዝ ፓይፕላይን 200 ሚሊዮን ያስተናግዳል። ታይሚንግ የሚያበላሸው (ሥራው በአንድ ክሎክ እንዳያልቅ የሚያደርገው) ፕራዮሪቲ ኢንኮደሩ፣ ማለትም ከገጠሙት ደንቦች ቀዳሚውን የሚመርጠው ክፍል፣ ነው፦ 1,024 ቢቱን በአንድ ክሎክ ለመጨረስ ከመሞከር በደረጃ መከፋፈል ይገባል።

ደንብ ሲቀየር በዚያው ባለ 6 ቢት ራም ካሉት አምስት ጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ስለሚጻፍ፣ የሠንጠረዡ ቅጂ በሶፍትዌር በኩል መያዝ አለበት። መጀመሪያ የደንቡን ማጽኛ ቢት (ደንቡ ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳየውን) ማጥፋት፣ 32ቱን መስመሮች መጻፍ፣ ከዚያ ማብራት። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ፓኬት በግማሽ በተጻፈ ደንብ ይመደባል።

የፖርት ክልል ያላቸው የፋየርዎል ደንቦች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ከ1024 እስከ 65535 ያለው ወደ 6 ፕሪፊክስ (የመጀመሪያ ቢቶቻቸው አንድ የሆኑ ቁጥሮች ስብስብ) ይበተናል፣ እያንዳንዱም የአንድ ደንብ ቦታ ይይዛል፤ በመነሻም በመድረሻም ካለ 36 ነው። ከ1 እስከ 65534 በሁለቱም በኩል ከተጻፈ ግን አንድ ደንብ 900 ቦታ ይይዛል፣ ሠንጠረዡ አለቀ ማለት ነው። እንዲህ ላሉት መስኮች ማነጻጸሪያ ለብቻ መሥራት ግድ ነው።

እስከ 2,000 ደንብ ካርዱ ምቹ ነው። 4,096 ደንብ 139,332 ሉት ስለሚበላ ቁጥሩ ቢገባም በቺፑ ውስጥ ሉቶቹን የሚያገናኘው ሽቦ ማለፊያ ያጣል። ዲዲአር3ው ምላሹ ስለሚዋዥቅ ለዚህ ሥራ አያገለግልም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ቲካም ያለው ስዊች ይግዛ።