«አብረው ያደጉ ናቸው» የተባሉት ስምንት ዶሮዎች

ለጓሯችሁ ዶሮ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ጓሯችን ጠባብ ብትሆንም ለጥቂት ዶሮ አታንስም። ሻጩን ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። ፎቶው ላይ ቦቫንስና ሳሶ የሚባሉት የውጭ ዝርያዎችና የሐበሻ ዶሮ ተቀላቅለው ያምራሉ። «እህቴ፣ ሁሉም ቄብ ናቸው፤ በሁለት ሳምንት መጣል ይጀምራሉ። ከጫጩትነታቸው አብረው ስላደጉ አይጣሉም» አለኝ። ስምንቱን እያንዳንዷን በ850 ብር ተስማማን። ማታ በካርቶን አመጣቸው። በጨለማ ተቀብዬ ከፈልኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። አንዷ ቦቫንስ ጥግ ይዛ ተሸጉጣለች፤ ጀርባዋ ተነጭቶ ደምቷል። ጉልበተኛዋ ማን መሰለቻችሁ? ከሁሉም የምታንሰው ገብስማዋ የሐበሻ ዶሮ! ቦቫንሷ ውሃ ልትጠጣ ስትጠጋ በምንቃሯ ትወጋታለች። ሳሶዎቹም ደም ካዩ በኋላ አገዟት። ዶሮ የደማ ነገር ካየች መተው አታውቅም።

ዶሮ መሀል የበላይና የበታች መኖሩ የታወቀ ነው። አዲስ ቤት ሲገቡ ትንሽ መነካከስም ያለ ነው። አብረው ያደጉ ከሆኑ ግን ተራቸውን ያውቃሉ፤ አንዷ ቀና ስትል ሌላዋ ዞር ትላለች። የእኔዎቹ እንደ ባዳ ነው የሚተያዩት። በማግስቱም ማታ በየዘራቸው ሦስት ቦታ ተከፋፍለው አደሩ።

ጉዱ የወጣው የእንስሳት ሐኪም የሆነ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ሲያያቸው ነው። የቦቫንሶቹ ምንቃር ጫፉ ተቆርጧል። ይህን የሚያደርጉት ትልልቅ የእንቁላል እርባታዎች ናቸው፣ ዶሮዎቹ እንዳይጎዳዱ። የገብስማዋ ምንቃር ደግሞ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ታዲያ የት ነው አብረው ያደጉት? ቄብ የተባሉት ቦቫንሶችም እርባታ ጥለው ጥለው ያስወገዳቸው አሮጊቶች ናቸው።

እናንተ በቀን ብርሃን እዩ። እግሯን ተመልከቱ፦ ቦቫንስ ቄብ ከሆነች እግሯ ቢጫና ለስላሳ ነው፤ ብዙ የጣለች ግን ቢጫው ለቆ ይነጣል። ገልብጣችሁ እንቁላል የሚወጣበትን እዩ። ገና ያልጀመረች ከሆነች ትንሽና ደረቅ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጥንቶች መሀልም አንድ ጣት ቢገባ ነው። የእኔዎቹ ሦስት ጣት ያስገባሉ። የሁሉንም ምንቃር አስተያዩ። «ተከትበዋል» ካላችሁም የፈንግል ክትባት መቼ እንደወሰዱ ጠይቁ። ቤት ሌላ ዶሮ ካላችሁ አዲሶቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ።

እንደኔ ከገዛችሁ በኋላ የባነናችሁ ደግሞ የደማችውን ወዲያው ለዩ። ቁስሏን አጥባችሁ ጄንሽን ቫዮሌት ቀቡት፤ ቀዩን ይሸፍነዋል። ከዚያ ጉልበተኛዋን አውጧት፣ ተጎጂዋን ብቻ አይደለም! ገብስማዋን አራት ቀን ለብቻዋ አስሬ፣ ማታ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ሲተኙ መለስኳት። ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ሆነች፤ ጉራዋ ቀነሰ። መኖና ውሃ ሁለት ሁለት ቦታ፣ ተራርቆ ይቀመጥ። ጎመን በገመድ ከፍ አድርጋችሁ ብታንጠለጥሉላቸውም ሥራ ያገኛሉ። የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አትስጡ፤ ፕሮቲን ሲያንሳት ላባ መብላት የምትጀምር አለች።

ጠቡ አሁን በርዷል። ብሬ ግን አልተመለሰም። ለሻጩ ስደውል «ሲላመዱ ይተዋሉ» አለኝ፤ ስለ እድሜያቸው ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ። ባለቤቴ ቦቫንሶቹን ለበዓል እያሰባቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ የማብሰያ ጋዝ እያሰብኩ።

ትናንት በእህቴ ስልክ ገብቼ አየሁት። ያው ፎቶ፣ ያው «አብረው ያደጉ»። ዋጋው 950 ገብቷል።