ጅማ ላይ የቫኒላ ችግኝ ለምትፈልጉ

ስሙን ልተወውና ጅማ ከተማ ውስጥ የቫኒላ ችግኝ የሚሸጥ አንድ ችግኝ ጣቢያ አለ። ችግኙ ራሱ አሪፍ ነው፣ ወደ ሜትር የሚጠጋ ወፈር ያለ ሐረግ፣ በየአንጓው ነጭ ስር ብቅ ብቅ ያለበት፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ምናምን የለም። ልጁም በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ፣ እዚህ ላይ አምስት ኮከብ።

ችግሩ ወሬያቸው ነው ባካችሁ። "በዓመቱ ትለቅማለህ" ይላሉ፣ የምን በዓመቱ! ቫኒላ እኮ ኦርኪድ የሚባል የአበባ ዘር ነው፣ ለማበብ ብቻ 3 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ አበባው ደሞ የሚከፈተው ለአንድ ቀን ነው፣ ጠዋት በስንጥር በእጅህ ካላዳቀልከው ረግፎ ይቀራል (ይሄን ዘዴ በ1841 ሬዩኒየን ደሴት ላይ ያገኘው ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል በባርነት የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው፣ አይገርምም?)። ከዛ ፍሬው እስኪደርስ 9 ወር ገደማ፣ ከዛ ደሞ ማላቡ (ጠቅልሎ በሙቀት ማቆየቱ) እና ማድረቁ ሌላ ወራት፣ አረንጓዴው ፍሬ እንደሆነ ያ የምናውቀው ሽታ የለውም።

ሌላው ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ቫኒላ ደሞ ሞቅ ያለ ዝቅ ያለ ቦታ ነው የሚወደው፣ ቴፒ ቢሆን እሺ። ይሄን ስጠይቃቸው ነው "አዎ ትንሽ ይከብደዋል" ያሉኝ፣ ካልጠየቅክ ዝም።

ጓሮ ቡና ያላችሁ ጥላ ዛፉ ስር ብስባሽ አልብሳችሁ አንድ ሁለት ሞክሩ። ሄክታር ሙሉ ያሰባችሁ ግን ቆላ መሬት ከሌላችሁ ብራችሁን ያዙ። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ እሁድ ዝግ ነው።