ማኅበር፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ የተሠራ ቤት? ጎጃም ላይ በደመወዝ ቤት ለሚፈልግ

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ በደመወዝ የሚኖር ሰው "የራሴ ቤት" ሲል ያለው ምርጫ ብዙ አይደለም። በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ቦታ መውሰድ አለ። ኮንዶሚኒየም መግዛት አለ። ካርታ ያለው የተሠራ ቤት መግዛትም አለ። የሊዝ ጨረታን ተዉት፣ እሱ የነጋዴ ሜዳ ነው።

"20/80 እና 40/60 እኛ ጋ መቼ ነው የሚመጣው?" የሚል አይጠፋም። እነዚህ ገዢው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን ባንክ የሚያበድርባቸው የአዲስ አበባ የቤት ፕሮግራሞች ናቸው። የኮንዶሚኒየም ግንባታው በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ ባሕር ዳርም ደርሷል። ግን በአብዛኞቹ የክልል ከተሞች ብዙም ሳይገፋ ቆመ። ስለዚህ እኛ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሲባል ባብዛኛው ከባለዕጣው ላይ መግዛት ነው። ጥሩ ጎኑ ገዝታችሁ ወዲያው ትገባላችሁ፤ ውኃና መብራቱም ገብቶ ይጠብቃችኋል። ችግሩ ኑሯችን ነው። ጠላ የሚጠመቅበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚታረድበት ቦታ የጋራ ነው። እናታችሁ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ደረጃውን አስቡት። ሁለት ሆነው ለሚኖሩ ወጣቶች ግን አይከፋም።

እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘብ ለሌለውና ትዕግሥት ላለው ሰው ማኅበር ይሻላል። ቦታው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ስለሚሰጥ ዋጋው ከገበያው ጋር አይገናኝም። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ያለ ጨረታ ቦታ የማግኘቱን ዕድል በሌላ መንገድ አታገኙትም። ግን ሦስት ነገር ዕወቁ። መጀመሪያ፣ የግንባታ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ (እስክትገነቡ በማይነካ የባንክ ሂሳብ) አስቀምጡ ትባላላችሁ። ሁለተኛ፣ ቦታው ባብዛኛው ከከተማው ጫፍ ስለሆነ መንገዱም ውኃውም ዘግይቶ ይመጣል። ሦስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፦ ቦታ ማግኘት ቤት ማግኘት አይደለም። ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ብረት ከደመወዝ ቀድመው ይሮጣሉ።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው በጭቃ የሚጀምረው። ባሕር ዛፉ ቅርብ ነው፣ የጤፍ ጭዱም አይጠፋም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ይጠነክራል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ግን ይሰነጠቃል፤ ምራጊው ቢያቻኩላችሁም እንቢ በሉ። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ጣሪያውን ረዘም ካደረጋችሁት የክረምቱን ዝናብ ይችላል። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት የግንባታ ፈቃዱ የጭቃ ቤት ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ዋና መንገድ ዳር ላይ አይፈቅዱ ይሆናል።

የተሠራ ቤት መግዛት ውዱ መንገድ ነው፤ ጣጣው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ካርታው የማን እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ ይኖርበት እንደሆነ አጣሩ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሦስት ምስክር ፈርሞ የተጻፈ የመንደር ውል አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት ይላል። የቴምብርና የስም ማዛወሪያ ወጪውን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሁሉም ርካሽ የሚመስለው ከከተማው ጫፍ ከገበሬ ማሳ ተሸንሽኖ የሚሸጠው ቦታ ነው። ደላላው "ነገ ካርታ ይወጣለታል" ይላችኋል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም። እዚያ የሠራችሁት ቤት ሕገወጥ ተብሎ ከፈረሰ ገንዘቡን ከማን ትጠይቃላችሁ? ያን ብር ይዛችሁ የማኅበር ምዝገባ እስኪከፈት ብትጠብቁ ይሻላችኋል።